አንድን ትሬድ ብቻ በሲግናል መቀስቀስ፦ ምልክቱ ለምን ወደ ሌላው ይሄዳል?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከስድስት የኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች የሚመጣውን ንባብ እየተቀበለ ወደ መዝገብ የሚያስገባ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌያለሁ። ፕሮግራሙ ዴቢያን 12 በተጫነበት ማሽን ላይ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሚዛን አንድ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሮጥ የሥራ መስመር) ተመድቦለታል፤ ትሬዱም ከሲሪያል ፖርቱ የሚመጣውን መረጃ ‹ሪድ› በተባለው ሲስተም ኮል (የስርዓተ ክወናው አገልግሎት በሚጠየቅበት ጥሪ) ይጠብቃል። ሚዛኑ ላይ ጭነት እስካልተቀመጠ ድረስ ምንም ስለማይላክ፣ ትሬዱ ‹ሪድ› ውስጥ እንደተኛ ረጅም ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

የምፈልገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የአንድ ሚዛን ልኬት ሲስተካከል ወይም የፖርቱ ፍጥነት ከ9600 ወደ ሌላ ሲቀየር፣ የዚያ ሚዛን ትሬድ ብቻ ከእንቅልፉ ነቅቶ የተቀየረውን ቅንብር እንዲያነብ፣ የቀሩት አምስቱ ደግሞ ሥራቸውን ሳያቋርጡ እንዲቀጥሉ ነው። ለዚህም ሲግናል (ለፕሮግራም የሚላክ አጭር ማሳወቂያ) ይበቃል ብዬ ለፕሮግራም ጸሐፊው ነፃ የተተወውን ሲግዩኤስአር1ን መረጥኩ፤ ያጋጠመኝ ግን እንደጠበቅሁት አይደለም።

በመጀመሪያ ከተርሚናል ‹ኪል› በሚለው ትእዛዝ ወደ ፕሮሰሱ ስልክ፣ ሁልጊዜ የሚቀበለው ዋናው ትሬድ ነው፤ የሚዛኖቹ ትሬዶች አንዳቸውም አይነቁም። ቀጥሎ ከፕሮግራሙ ውስጥ ‹ፒትሬድ_ኪል› የተባለውን ፈንክሽን ተጠቅሜ ለሦስተኛው ሚዛን ትሬድ ስልክ፣ ሃንድለሩ (ሲግናል ሲደርስ የሚጠራው ፈንክሽን) በትክክለኛው ትሬድ ላይ መሥራቱን በ‹ፕሪንትኤፍ› ካስቀመጥሁት ጽሑፍ አያለሁ፤ ነገር ግን ‹ሪድ› አይመለስም፣ ትሬዱ ተመልሶ ይተኛል። በመጨረሻም ያንን ትሬድ ብቻ ዘግቼ እንደገና ልክፈተው ብዬ በዚያው ፈንክሽን ሲግተርምን (የመዝጊያውን ሲግናል) ብልክለት፣ ፕሮግራሙ በሙሉ ተዘጋ፤ የአምስቱም ሚዛን ንባብ አብሮ ቆመ።

ስሙ ‹ለትሬድ› የተባለ ሲግናል እንዴት ሁሉንም ሊዘጋ ይችላል? ‹ሪድ›ስ ለምን አይቋረጥም? በተጨማሪም መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ማሽኑን በሥርዓት ማዘጋት ስለሚጀምር፣ የሚመጣውን ሲግተርም የትኛው ትሬድ ተቀብሎ የቀረውን ንባብ ወደ ዲስክ እንዲጽፍ ማድረግ እንደሚገባኝ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

አብሽር፣ ወንድሜ። ሦስቱም ያየሃቸው ነገሮች አንድ ምንጭ አላቸው፤ እርሱን ከያዝህ የቀረው ቀላል ነው። ይህን ርዕስ ለተማሪዎች ሳስተምር ሁልጊዜ የማስቀድመው፣ በሲግናል ጉዳይ የትሬዱ የሆነው ምን እንደሆነና የፕሮሰሱ የሆነው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅን ነው።

ሲግናልን የማገጃው ማስክ (የትኞቹ ሲግናሎች ለጊዜው ታግደው እንዲጠብቁ የሚወስነው ዝርዝር) የእያንዳንዱ ትሬድ የግሉ ነው። አንድ ትሬድ ሲግዩኤስአር1ን ሲያግድ፣ ሌላው ላያግድ ይችላል። ገና ያልደረሱ ሲግናሎች የሚጠባበቁበት ቦታም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የፕሮሰሱ የጋራ ሲሆን ሌላው የየትሬዱ ነው። ሲግናሉ ሲደርስ የሚወሰደው እርምጃ ግን፣ ማለትም ሃንድለር መጥራት፣ ችላ ማለት ወይም መዝጋት፣ ለመላው ፕሮሰስ አንድ ብቻ ነው። በ‹ሲግአክሽን› በአንዱ ትሬድ ውስጥ ሃንድለር ብትቀይር ለሁሉም ትሬዶች ተቀየረ ማለት ነው፤ ለሦስተኛው ሚዛን ሌላ፣ ለአራተኛው ሌላ ሃንድለር ማስቀመጥ አይቻልም።

እንግዲህ ከዚህ ተነስተን የመጀመሪያውን ጥያቄህን እንመልከት። የ‹ኪል› ትእዛዝ የሚልከው ለፕሮሰሱ ነው። ለአንድ ቤት ተብሎ የተላከን መልእክት በሩን የከፈተው የቤተሰቡ አባል እንደሚቀበለው ሁሉ፣ ይህንንም ሲግናል ያላገደው ማንኛውም ትሬድ ሊቀበለው ይችላል። የፖዚክስ ስታንዳርድ (የዩኒክስ ዓይነት ሲስተሞች የጋራ ደንብ) ከእነዚህ መካከል የትኛው እንደሚመረጥ አይወስንም። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) በተግባር ዋናው ትሬድ ሲግናሉን ካላገደው ለእርሱ መስጠትን ያስቀድማል፤ ሁልጊዜ ዋናው ትሬድ ላይ ሲወድቅ ያየኸውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ልማድ ላይ ተማምኖ ፕሮግራም መጻፍ ተገቢ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ ልብ ልትለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ትሬዱ ራሱ በሠራው ጥፋት የሚመጡ ሲግናሎች፣ ለምሳሌ የማይገባ የሜሞሪ አድራሻ ሲነካ የሚነሳው ሲግሴግቪ ወይም ለዜሮ ሲያካፍል የሚነሳው ሲግኤፍፒኢ፣ ምርጫ የለባቸውም፤ ጥፋቱን ለፈጸመው ለዚያው ትሬድ ይላካሉ።

ሲግተርም ፕሮግራሙን በሙሉ የዘጋውም እርምጃው የጋራ በመሆኑ ነው። ‹ፒትሬድ_ኪል› የሚወስነው ሲግናሉ ለማን እንደሚደርስ ብቻ ነው። ለሲግተርም ሃንድለር ካላስቀመጥህ የተወሰነው እርምጃ ‹ፕሮሰሱን ዝጋ› የሚል ነው፤ ያ እርምጃ በየትኛውም ትሬድ በኩል ቢመጣ የሚዘጋው ፕሮሰሱ ነው። ሲግስቶፕም እንዲሁ ሁሉንም ትሬዶች ያቆማል። አንድን ትሬድ ብቻ የሚገድል ሲግናል በዩኒክስ ውስጥ የለም፤ የፈንክሽኑ ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ትሬድን መዝጋት ከፈለግህ ትሬዱ ራሱ አንድ ባንዲራ ተመልክቶ ከፈንክሽኑ እንዲወጣ አድርገው። ‹ፒትሬድ_ካንስል› የሚባልም አለ፤ ነገር ግን ትሬዱ ሚውቴክስ (የጋራ መረጃን በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካ የሚያደርግ ቁልፍ) እንደያዘ ወይም ሜሞሪ ሳይመልስ ሊቋረጥ ስለሚችል የማጽጃ ፈንክሽኖችን በጥንቃቄ ማስቀመጥን ይጠይቃል፤ እንደ አንተ ላለ ሥራ አልመክረውም።

ወደ ‹ሪድ› እንመለስ። ሃንድለሩን ያስቀመጥኸው ‹ሲግናል› በተባለው አሮጌ ፈንክሽን ሳይሆን አይቀርም። በሊኑክስ ላይ ያለው ጂሊብሲ (የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ) ይህንን ፈንክሽን ሲጠሩት ኤስኤ_ሪስታርት የሚባለውን ምልክት አብሮ ያስቀምጣል፤ ትርጉሙም ሃንድለሩ ሲያበቃ የተቋረጠው ሲስተም ኮል ከነበረበት ይቀጥል ማለት ነው። ትሬዱ እውነትም ነቅቷል፣ ሃንድለሩንም ሠርቷል፤ ከዚያ ከርነሉ ወደ ‹ሪድ› መልሶታል። በ‹ሲግአክሽን› ምልክቶቹን ዜሮ አድርገህ ብታስቀምጠው ‹ሪድ› አሉታዊ አንድን ይመልሳል፤ የስህተት ቁጥሩም ኢኢንትር ይሆናል። ሃንድለሩ ባዶ ቢሆንም ይበቃል፤ ነገር ግን መኖር አለበት፤ ችላ የተባለ ሲግናል ማንንም አይቀሰቅስም። ደግሞም ሲግናሉ ሲመጣ ጥቂት ባይቶች ተነብበው ከነበረ ‹ሪድ› ስህተት ሳይሆን የተነበበውን ብዛት ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ ኢኢንትርን ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም ቅስቀሳውን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

‹ፕሪንትኤፍ›ን ከሃንድለሩ ውስጥ ዛሬውኑ አውጣው። ትሬዱ በ‹ፕሪንትኤፍ› ውስጥ ሆኖ የጽሑፉን ማከማቻ እየለወጠ ሳለ ሲግናሉ ቢደርስና ሃንድለሩም ያንኑ ማከማቻ ቢነካ፣ መረጃው ሊበላሽ ወይም ትሬዱ ሊቆም ይችላል። ‹ማሎክ›ም፣ ሚውቴክስ መያዝም፣ ‹ፒትሬድ_ኮንድ_ሲግናል›ም በሃንድለር ውስጥ አይፈቀዱም። ‹ራይት› እና ‹ሴም_ፖስት› ይፈቀዳሉ።

የወልድያዋ (ወልድያ)፦

መምህር የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጠያቂው ወንድማችን ኤስኤ_ሪስታርትን አውጥተው ብቻ ቢተዉት፣ ሙከራ ላይ የሚሠራና ፋብሪካው ውስጥ አልፎ አልፎ የሚከዳ ፕሮግራም ይዘው ይቀራሉ ብዬ ስለምሰጋ ይህንን ልጨምር። እኔ የማያቸው አብዛኞቹ የትሬድና የሲግናል ብልሽቶች ከዚህ አንድ ቦታ የሚመጡ ናቸው።

የሦስተኛውን ሚዛን ትሬድ በዝግታ እንከተለው። ትሬዱ ‹ቅንብር ተቀይሯል› የሚለውን ባንዲራ ያያል፤ ዜሮ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚያደርገው ‹ሪድ›ን መጥራት ነው። ባንዲራውን ካየ በኋላ፣ ‹ሪድ› ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባለችው እጅግ አጭር ጊዜ ሲግናሉ ቢደርስስ? ሃንድለሩ ይሠራል፣ ባንዲራውን አንድ ያደርጋል፣ ይመለሳል። የሚቋረጥ ሲስተም ኮል ገና አልተጀመረምና ኢኢንትር የሚባል ነገር አይኖርም። ትሬዱ ወደ ‹ሪድ› ይገባል፤ ሚዛኑ ላይ ጭነት እስኪቀመጥ ድረስም ይተኛል። ሲግናሉ በትክክል ተልኳል፣ በትክክልም ደርሷል፤ ቅስቀሳው ግን ጠፍቷል። ይህች ክፍተት በጠባብነቷ ምክንያት በሙከራ ጊዜ አትታይም፤ ቀንና ሌሊት በሚሠራ ማሽን ላይ ግን አንድ ቀን መምጣቷ አይቀርም።

ይህንን በሲግናል መንገድ በትክክል መዝጋት ይቻላል። ትሬዶቹ ከመፈጠራቸው በፊት ዋናው ትሬድ ሲግዩኤስአር1ን በ‹ፒትሬድ_ሲግማስክ› ያግደው፤ አዲስ ትሬድ የፈጣሪውን ማስክ ስለሚወርስ ሁሉም አግደው ይወለዳሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ትሬድ በቀጥታ ‹ሪድ› ላይ ከመተኛት ይልቅ ‹ፒፖል›ን (መረጃ ወይም ሲግናል እስኪመጣ የሚጠብቅ ሲስተም ኮል) ይጥራ፤ ‹ፒፖል› የሚቀበለው ማስክ ሲግዩኤስአር1ን የሚፈቅድ ይሁን። የ‹ፒፖል› ጥቅሙ ማስኩን መቀየርና መተኛት በከርነሉ ውስጥ የማይነጣጠል አንድ ተግባር መሆናቸው ነው። ትሬዱ ባንዲራውን ሲመለከት ሲግናሉ ታግዷል፤ በዚያች ክፍተት ቢመጣም ይጠብቃል እንጂ አይባክንም፤ ‹ፒፖል› እንደተጠራ ወዲያው ይደርስና ያነቃዋል። የ‹ፖል› ቤተሰብ የሆኑት ሲስተም ኮሎች ኤስኤ_ሪስታርት ቢኖርም እንኳ ራሳቸውን አያስቀጥሉም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ስጋት የለም። ባንዲራው ግን ተራ ኢንቲጀር አይሁን፤ ሌላ ትሬድም የሚነካው ከሆነ የሲ11 አቶሚክ ዓይነት ይሁን።

ይህንን ካልኩ በኋላ የራሴን አቋም ልናገር። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ትሬዶች እርስ በርስ ለመነጋገር ሲግናል አያስፈልጋቸውም። ሜሞሪው የጋራቸው ነው፣ የፋይል ቁጥሮቹ የጋራቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ የሚዛን ትሬድ አንድ ‹ኢቨንትኤፍዲ› (ቁጥር የሚጻፍበትና የሚነበብበት፣ ከርነሉ የሚይዘው መቀስቀሻ) ይክፈቱለት፤ ከሊኑክስ 2.6.22 ጀምሮ አለ፤ በሌሎች ዩኒክሶች ላይ ተራ ፓይፕ ይተካዋል። ትሬዱ በ‹ፖል› ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይጠብቅ፤ ሲሪያል ፖርቱንና የራሱን ኢቨንትኤፍዲ። ሦስተኛውን ሚዛን ሲፈልጉ በእርሱ ኢቨንትኤፍዲ ላይ አንድ ቁጥር ይጻፉ፤ ሌሎቹ ምንም አይሰሙም። የተጻፈው ቁጥር እስኪነበብ ድረስ እዚያው ስለሚቆይ ትሬዱ በዚያች ቅጽበት የትም ቢሆን ቅስቀሳው አይጠፋም። ሃንድለር የለም፣ በሃንድለር ውስጥ ምን ተፈቀደ ምን ተከለከለ የሚል ጭንቀትም የለም።

ሲግናል ቦታው ከውጭ በሚመጣው ላይ ነው፤ የመብራቱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ማሽኑ ሲዘጋ ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳና የሚዘጋው ፕሮግራም) በቅድሚያ ሲግተርምን ይልካል፤ ቅንብሩን ካልቀየሩት 90 ሰከንድ ይጠብቅና ከዚያ በኋላ ማንም ሊያግደው የማይችለውን ሲግኪልን ይልካል። የዩፒኤሱ ባትሪ ከዚያ በፊት ሊያልቅ እንደሚችልም ማሰብ ያስፈልጋል፤ በእኛ አካባቢ ባትሪ እስኪሞት የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሲግተርምን በሁሉም ትሬዶች ላይ አግደው፣ አንድ ትሬድ ብቻ በ‹ሲግዌትኢንፎ› ይጠብቀው። ይህ ትሬድ የሚሠራው በተራ የፕሮግራም ፍሰት እንጂ በሃንድለር ውስጥ ስላልሆነ ሚውቴክስ መያዝም፣ ሎግ መጻፍም ይችላል። ሲግተርም ሲደርሰው ለስድስቱም ኢቨንትኤፍዲዎች ‹ጨርሱ› ብሎ ይጻፍ፣ በ‹ፒትሬድ_ጆይን› ሁሉንም ይጠብቅ፣ ፋይሉን በ‹ኤፍሲንክ› ወደ ዲስክ ያስገባና ይውጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። የሲግናል ማስክ በ‹ኤግዜክ› ጊዜም አይጠፋም። ከፕሮግራምዎ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሱ ከሆነ፣ ያ ልጅ ፕሮሰስ ሲግተርምን አግዶ ይነሳና በ‹ኪል› አልዘጋ ይላል። ከማስነሳትዎ በፊት ማስኩን ወደ ነበረበት ይመልሱለት።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

መምህርም፣ እህቴም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኢቨንትኤፍዲው አሠራር ለውስጡ ሥራ እንደሚስማማኝ ተረድቻለሁ። የቀረኝ ነገር ግን አለ። ሚዛኑን የሚያስተካክለው ቴክኒሻን የሚጠቀመው የተለየ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እርሱ ሌላ ፕሮሰስ ስለሆነ ኢቨንትኤፍዲውን አያገኘውም፤ ‹ፒትሬድ_ኪል›ንም መጥራት አይችልም። ከውጭ ሆኖ የአንዱን ትሬድ ቁጥር ይዞ መላክ ይቻላል ወይ? ደግሞስ የትኛው ትሬድ የትኛውን ሲግናል እንዳገደ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ማየት የሚቻልበት መንገድ አለ?

ላኮመልዛ (ደሴ)፦

ከኋለኛው ልጀምር፤ ዐይን ካየ በኋላ ክርክር የለምና። በ‹ፕሮክ› ማውጫ ውስጥ በፕሮሰስዎ ቁጥር ስር ‹ታስክ› የሚባል ማውጫ አለ፤ በውስጡም ለእያንዳንዱ ትሬድ በራሱ ቁጥር የተሰየመ ማውጫ ያገኛሉ። የዚያን ትሬድ ‹ስታተስ› ፋይል ሲከፍቱ በሲግ ወይም በኤስኤችዲ የሚጀምሩ መስመሮች ይታያሉ። ሲግፒኤንዲ ለዚያ ትሬድ ተልኮ ገና ያልደረሰውን፣ ኤስኤችዲፒኤንዲ ለፕሮሰሱ በጋራ ተልኮ የሚጠብቀውን፣ ሲግቢኤልኬ የታገደውን፣ ሲግሲጂቲ ደግሞ ሃንድለር ያለውን ያሳያሉ። ቁጥሮቹ በሄክሳዴሲማል የተጻፉ ናቸው፤ ከቀኝ የመጀመሪያው ቢት ሲግናል ቁጥር 1ን ይወክላል። ሲግዩኤስአር1 በተለመዱት የኢንቴልና የአርም ማሽኖች ላይ ቁጥሩ 10 ስለሆነ፣ እርሱን ብቻ ያገደ ትሬድ 0000000000000200 ያሳያል። ሲግተርም ቁጥሩ 15 ነውና ሁለቱንም ያገደ ትሬድ 0000000000004200 ሆኖ ይነበባል። በወልድያዋ እህታችን አሠራር ከሄዱ ስድስቱም የሚዛን ትሬዶች ላይ የሲግተርም ቢት በርቶ ማየት አለብዎት፤ አንዱ ላይ ዜሮ ካገኙ ያ ትሬድ የተፈጠረው ማስኩ ከመቀመጡ በፊት ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ሚዛን እንደሆነ ለመለየት እንዲመችዎ ለየትሬዱ በ‹ፒትሬድ_ሴትኔም_ኤንፒ› ስም ይስጡት፤ ስሙ ከ15 ፊደል እንዳይበልጥ ብቻ ይጠንቀቁ።

ከውጭ ስለመላክ፣ በሊኑክስ ላይ ‹ቲጂኪል› የተባለ ሲስተም ኮል አለ። የፕሮሰሱን ቁጥር፣ የትሬዱን ቁጥርና ሲግናሉን ይቀበላል። ‹ፒትሬድ_ኪል› ራሱ በውስጡ ወደ ከርነሉ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ጂሊብሲ 2.30 ጀምሮ በቀጥታ ሊጠራ ይችላል፤ የእርስዎ ዴቢያን 12 የያዘው 2.36 ስለሆነ ችግር አይኖርም። ከእርሱ በፊት የነበረው ‹ቲኪል› የሚቀበለው የትሬዱን ቁጥር ብቻ ነበር፤ ትሬዱ ሞቶ ቁጥሩ ለሌላ ፕሮሰስ ትሬድ ቢሰጥ ሲግናሉ ላልታሰበ ሰው ይደርስ ስለነበር ተትቷል። ለ‹ኪል› የትሬድ ቁጥር መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ ሲግናሉ የሚመዘገበው በጋራው ቦታ ስለሆነ፣ ያ ትሬድ ካገደው ሌላ ትሬድ ይወስደዋል።

‹ቲጂኪል› በእርግጥ ይሠራል፤ በታላላቅ ፕሮግራሞችም ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። የጎ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 1.14 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ የሚሮጥን ጎሩቲን (የጎ ቀላል ትሬድ) ለማስቆም ሲግኡርግን ለዚያው ጎሩቲን ለተሸከመው ትሬድ ይልካል። እዚያ ላኪውም ተቀባዩም አንድ ራንታይም መሆኑን ግን ልብ ይበሉ። ለእርስዎ ጉዳይ የማልመክረው፣ የቴክኒሻኑ ፕሮግራም ስለ ሌላው ፕሮግራም ውስጣዊ አሠራር ማወቅ ስለሚገደድ ነው። ነገ ሁለት ሚዛን በአንድ ትሬድ ቢያስተዳድሩ የቴክኒሻኑ ፕሮግራም ይበላሻል። በተጨማሪም ‹ቲጂኪል› የሊኑክስ ብቻ ነው፤ በፍሪቢኤስዲ ላይ ተመሳሳዩ ‹ቲኤችአር_ኪል2› ይባላል፤ በፖዚክስ ስታንዳርድ ውስጥ ግን ከውጭ ሆኖ አንድን ትሬድ የሚጠራ ነገር የለም። የአለመኖሩ ምክንያትም የገባኝ ይመስለኛል። ከውጭ ላለ ሰው ፕሮሰሱ አንድ ነው፤ በውስጡ ስንት ትሬድ እንዳለ ማወቅ አይገባውም። ይህ መርህ በሊኑክስ ላይ ቦታውን ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው ሊኑክስ 2.6 ጋር ኤንፒቲኤል (አሁን ያለው የሊኑክስ የትሬድ አሠራር) ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሊኑክስትሬድስ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ የፕሮሰስ ቁጥር ስለነበረው፣ ለፕሮሰሱ የተላከ ሲግናል ያንን ቁጥር ለያዘው ትሬድ ብቻ ይደርስ ነበር።

የምመክረው መንገድ ይህ ነው። ቴክኒሻኑ ለፕሮሰሱ ይላክ፤ የሚዛኑን ቁጥር ግን ከሲግናሉ ጋር ያያይዘው። ‹ሲግኪው› የተባለው ፈንክሽን ከሲግናሉ ጋር አንድ ኢንቲጀር መላክ ይችላል። በ‹ሲግዌትኢንፎ› የሚጠብቀው ያው ትሬድ ሲግናሉን ሲቀበል ኢንቲጀሩን አብሮ ያገኘዋል፤ 3 ካገኘ በሦስተኛው ሚዛን ኢቨንትኤፍዲ ላይ ይጽፋል። ሲግዩኤስአር1ን ግን ለዚህ አይጠቀሙ። መደበኛ ሲግናሎች አይደራረቡም፤ የመጀመሪያው ሳይደርስ ሁለተኛው ቢላክ ሁለተኛው ይጠፋል፤ ሚዛን 3 እና ሚዛን 5 ተከታትለው ቢላኩ 5 ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የሪል ታይም ሲግናሎች ግን በተራ ይሰለፋሉ። ሲግአርቲሚን ሲደመር 1ን ይምረጡ፤ ቁጥሩን በቀጥታ 32 ወይም 33 ብለው አይጻፉ፤ እነዚያን ጂሊብሲ ለራሱ የውስጥ ሥራ ወስዷቸዋል። ይህንን አዲስ ሲግናል ከሲግተርም ጋር አብረው ማገድዎን አይርሱ፤ ሳይታገድና ሃንድለር ሳይኖረው ከመጣ የሪል ታይም ሲግናልም ፕሮሰሱን ይዘጋል።

የሩቅ ዘመድ (ከሚሴ)፦

በጣም ጠቃሚ ውይይት ነው። እኔ ተመሳሳይ ሥራ የምሠራው በፓይተን ነው፤ እዚያም ይኸው ነው?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ከፊሉ ይለያል። በፓይተን የምትጽፈው ሃንድለር ሁልጊዜ የሚሠራው በዋናው ትሬድ ላይ ነው፤ ሲግናሉ የደረሰው ለሌላ ትሬድ ቢሆንም። ከ3.3 ጀምሮ ‹ፒትሬድ_ኪል› አለ፤ ነገር ግን ከ3.5 ወዲህ ፓይተን ኢኢንትርን ራሱ ይይዝና ሃንድለሩ ስህተት ካላነሳ በቀር ‹ሪድ›ን መልሶ ይጠራዋል። ስለዚህ ትሬድ ለመቀስቀስ ብለህ አትድከምበት፤ ፓይፕ ክፈትና በ‹ሴሌክተርስ› ሞጁል ጠብቅ።

የወልድያዋ (ወልድያ)፦

የ‹ሲግኪው› ሐሳብ መልካም ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ተቀባዩ ትሬድ ግን ሁለት ነገር ሳያረጋግጥ ኢንቲጀሩን አይመን። አንደኛ፣ በተቀበለው መረጃ ውስጥ ሲ_ኮድ የሚለው ቦታ ኤስአይ_ኪው መሆኑን ይመልከት፤ አንድ ሰው ያንኑ ሲግናል በተራ ‹ኪል› ቢልከው ኢንቲጀሩ ትርጉም አይኖረውም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በሚዛኖቹ ክልል ውስጥ መሆኑን ይፈትሽ፤ 7 የሚል ቢመጣ ወደሌለ ኢቨንትኤፍዲ መጻፍ የለበትም። የመላክ ፈቃድን በተመለከተ ሕጉ እንደ ‹ኪል› ነው፤ የቴክኒሻኑ ፕሮግራም በዚያው ተጠቃሚ ስም ወይም በሩት ካልሄደ ከርነሉ ይከለክለዋል። ከአንድ ኢንቲጀር የበለጠ መላክ ያስፈለገ ቀን፣ ለምሳሌ አዲሱን ፍጥነት ራሱን መላክ ከተፈለገ፣ ከሲግናል ወጥቶ ወደ ዩኒክስ ሶኬት መሄድ ይሻላል፤ መልስም መቀበል ይቻላልና።

ምናልባት ግን አሁንም ‹ፒትሬድ_ኪል›ን የሆነ ቦታ የሚያስቀሩት ከሆነ የትሬዱን ዕድሜ ይጠብቁ። ‹ፒትሬድ_ጆይን› የተደረገለት ወይም ተነጥሎ ያለቀ ትሬድ መለያው ከእንግዲህ ዋጋ የለውም፤ በእርሱ ሲግናል መላክ ውጤቱ ያልተወሰነ ነው፤ ‹እንዲህ ያለ ትሬድ የለም› የሚል ስህተት ይመለስልኛል ብሎ መጠበቅም አይቻልም፤ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መለያዎቹን በአንድ ሚውቴክስ በሚጠበቅ ሠንጠረዥ ውስጥ ይያዟቸው፤ ትሬዱን ጆይን የሚያደርገው ክፍል አስቀድሞ መለያውን ከሠንጠረዡ ያውጣው፤ የሚልከው ክፍልም ሚውቴክሱን ይዞ መለያው አሁንም በሠንጠረዡ ውስጥ መኖሩን ካየ በኋላ ብቻ ይላክ።